ነጭ ጥድን በሳህን ማሳደግ

በሰሜናዊ ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ በሚገኘው የቀድሞ የአሜሪካ ጦር አየር ማረፊያ፣ በተሰባበረው ኮንክሪት መካከል ዛፎች በቅለዋል። የቦንሳይ ጥበብም የሥርን ቦታ ያጠብባል። ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ የጃፓን ነጭ ጥድ ግን ጥድፊያን አይወድም። መርፌ መሰል ቅጠሎቹ ፈጽመው የተነቀሉበት ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ዳግም አያቆጠቁጥም፤ ሲያሳጥሩት አረንጓዴ ይተዉለት። ቅርንጫፉን በገረዙበት ዓመት ሥሩን አይንኩ። ማሰሮ ሲቀይሩም አሮጌውን አፈር በሙሉ አይጠቡት፤ ለሥሩ ውሃና ማዕድን የሚያቀብለው ፈንገስ በዚያ ይኖራል። ዋሽንግተን የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ከሂሮሺማው ቦምብ የተረፈ ነጭ ጥድ ከ1625 ጀምሮ በማሰሮ የኖረ ነው። በጀርመን ብርድ ወራት፣ ልብ ቢራራም፣ ወደ ሞቀ ሳሎን አያስገቡት፤ ቅዝቃዜው ለዕረፍቱ ያስፈልገዋል። ይልቁንስ ሥሩ በውርጭ እንዳይጎዳ ማሰሮውን ከነፋስ በተከለለ ሥፍራ እስከ አፉ መሬት ውስጥ ይቅበሩት።