ፊደልና ታሕታይ ቅርጽ፦ ላንቃዊ ተነባቢዎች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ

የአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ወረዳ ስም በሁለት ፊደል ይጻፋል። በስሙ ውስጥ ጅ እና ች የተባሉ ሁለት ላንቃዊ ተነባቢዎች አሉ። በግእዝ ፊደል ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ሆሄያት ናቸው። በ1984 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ላይ በዋለው ቁቤ ግን ጅ በአንድ የላቲን ፊደል ሲወከል፣ ች የሁለት ፊደላት ጥምር ነው። ይህ የጽሕፈት ልዩነት ስለ ድምፆቹ ታሕታይ ቅርጽ የሚነግረን ነገር አለን? የዚህ ጽሑፍ መልስ በአመዛኙ የለም የሚል ነው።

ግእዝ ከየ በቀር ላንቃዊ ተነባቢ አልነበረውም። አማርኛ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ የተባሉትን ሆሄያት ያገኘው በሰ፣ ተ፣ ነ፣ ዘ፣ ደ እና ጠ ላይ ምልክት በመጨመር ነው። የቀረጻቸው ሰው ጥሩ ጆሮ ነበረው ማለት ይቻላል፤ የአድራጊ ስም ሲመሠረት የሚታየው ዝምድና ይኸው ነውና፦ ለበሰ ለባሽ፣ ከፈተ ከፋች፣ ለመነ ለማኝ፣ ያዘ ያዥ፣ ወሰደ ወሳጅ፣ ቆረጠ ቆራጭ። ሰባሪና ፈላጊ በሚሉት ቃላት ጎልቶ የሚሰማው ኢ በእነዚህ የለም፤ ተነባቢውን ላንቃዊ አድርጎ ጠፍቷል። ስለዚህ የከፋች ታሕታይ ቅርጽ ተ እና ኢ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ሆኖም ፊደሉ ዝምድናውን ሁሉ አይዘግብም። ገደለ ገዳይ ሲሆን ለ ወደ ይ ይለወጣል፤ የሁለቱ ሆሄያት መልክ ግን አይገናኝም። ገለጸ ገላጭ ሲል ደግሞ ጸ ከጠ ጋር በአንድ ጭ ውስጥ ይገባል፤ ጭን ብቻ ያየ ሰው መነሻውን ሊያውቅ አይችልም። ከዚህም ሌላ ሰማ እና ሸማ በአንድ ተነባቢ ብቻ ይለያያሉ፤ የሸማ ሸ ከየትም አልተመዘዘም። በለባሽ ያለው ሽ እና በሸማ ያለው ሸ በድምፅ አንድ ሆነው በታሕታይ ቅርጽ ይለያያሉ፣ በጽሕፈት ግን አንድ ናቸው።

ይህን የአማርኛ ሕግ ይዞ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚሻገር ተመራማሪ እንቅፋት ያገኘዋል። "መሥራት" የሚለው ግሥ ሆጄቹ ነው፤ "ሠራሁ" ግን ሆጄዼ፣ "ሠራሽ" ደግሞ ሆጄቴ ይባላል። በአማርኛ ከፍቼ ስንል ኤ ተነባቢውን ላንቃዊ ያደርገዋል። በሆጄዼ መጨረሻ ያለው ኤ ግን ምንም አልለወጠም፤ ች የመጣው በኡ ፊት ነው። ችግሩ የአናባቢው እንዳልሆነ የሚያረጋግጥ ጥንድም አለ፦ "እየሠራ" ለማለት ሆጄቻ፣ ብዙዎችን "ሥሩ" ብሎ ለማዘዝ ሆጄዻ። አናባቢው አንድ ነው፤ ተነባቢው ተለያየ። በዚህ ቋንቋ ች የሚወሰነው በአናባቢ ሳይሆን በግሡ ሰዋስዋዊ ቅርጽ ነው ማለት ነው፤ ታሕታይ ቅርጹም እንደ አማርኛው በኢ ሊብራራ አይችልም።

ቁቤ ከግእዝ ፊደል የሚሻልበት ጥበቀትን በመድገም ማሳየቱ ነው። በአማርኛ ጨጨብሳ ተብሎ የሚጻፈው የምግብ ስም በቁቤ ሁለተኛው ጨ ተደግሞ ይጻፋል፤ ቃሉ "ሰባበረ" ከሚለው ግሥ ስለሆነ ጥበቀቱ የድግግሞሹ አካል ነው። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚሠራው ድምፁ በአንድ ፊደል ሲወከል ብቻ ነው። ጥምር ፊደላት አይደገሙም። በሆጄቹ ጅ መጥበቁ በጽሑፍ ይታያል፤ ከእሱ አንድ ክፍለ ቃል ርቆ ያለው ች ይጥበቅ ይላላ ግን አንባቢው በፊደሉ አይለይም። ሽ እና ኝም ዕጣቸው ይኸው ነው።

በባቱ፣ በመቂና በቡልቡላ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ተናጋሪ አፍ ስለሚገናኙ፣ በእነዚህ ከተሞች ቃል የሚሰበስብ ተማሪ የጽሑፍ ምንጭን እንደ ድምፅ መረጃ መውሰድ የለበትም። ች፣ ሽ እና ኝ የሚገኙበትን ቃል ሁሉ ከተናጋሪው አፍ ሰምቶ ጥበቀቱን በተለየ ምልክት ይመዝግብ፤ ግሡንም በትእዛዝና በአርእስት ቅርጹ ጎን ለጎን ይጠይቅ።