አረጋውያን ብቻ የቀሩበት ደን

በደቡብ ጎንደር ከከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው አገሩ በአብዛኛው እርሻና ግጦሽ ነው። አልፎ አልፎ ግን ጥቁር አረንጓዴ ክብ ይታያል፤ ከመካከሉም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አለ። ይህ ክብ ቀድሞ ደጋውን ሸፍኖ ከነበረው ደን የተረፈ ነው። አባቶቻችን ዐፀዱን እንደ ቤተ ክርስቲያን ልብስ ቆጥረው ስለ ጠበቁት ወይራው፣ ጽዱና ጥቁር እንጨቱ እስከ ዛሬ ቆሞ ወፉም ንቡም ተጠግቶበታል።

ይህን ደን በሚገባ ካጠኑት ምሁራን አንዱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ ውስጥ ባደረጉት ቆጠራ 168 የእንጨትነት ጠባይ ያላቸውን የዕፀዋት ዓይነቶች አገኙ። ጥናታቸውንም እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ማዕርግ አቀረቡ። የቦታው ከፍታ ሲለያይ ዛፉም ይለያያል። ስለዚህ አንዱ ደብር ደኑን ቢያጣ የሌላው ደብር ደን አይተካውም።

ትልቁ ነገር ግን ከእግር በታች ያለው ነው። ዛፉ ሁሉ ግርማ ያለው ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ልጅ የለውም! ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፥ ተመራማሪው ከባልደረቦቻቸው ጋር ከደኑ ከፊሉን አጥረው ከፊሉን ለከብት ክፍት ተዉት። በታጠረው ውስጥ ዘሩ በቀለ፣ ችግኙም አደገ፤ ባልታጠረው ግን ከብት እየረገጠና እየጋጠ አጠፋው። አፈሩም ሲመረመር ብዙዎቹ ታላላቅ ዛፎች በመሬት ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ የሚቆይ ዘር እንደሌላቸው ታወቀ። እንግዲህ እናት ዛፍ ከወደቀች በኋላ አፈሩን ተስፋ ማድረግ አይቻልም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱንና ምእመናኑን በማማከር ደኑን በድንጋይ ካብ ማስከበር ጀመሩ። ድንጋዩ ከአካባቢው እርሻ ይለቀማል፤ ገበሬውም ማሳው ይጸዳለታል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላየሁም።

ሆኖም ካብ የማይከለክለው ነገር አለ። ለንግሥ በዓል ቅጽሩን እናጽዳ ብለን ማጭድ ስናነሣ የወይራ ችግኝ ከአረም ጋር አብሮ ይታጨዳል። ባሕር ዛፍም አለ። ደብሩ ለጣሪያ ቆርቆሮ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቶሎ ደርሶ ይሸጣል፤ ስለዚህ የሚተክሉትን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ከአገር በቀሉ ዛፍ ሥር ገብቶ ሲተከል ውኃውንና ቦታውን ይሻማል። ከካቡ ውጭ፣ ከደኑ ራቅ ብሎ ቢተከል ግን ቆርቆሮውም ይገዛል፤ የወይራውም ችግኝ አይሻማም።