አሉሙን ከመጨመርሽ በፊት

ቆይ እህቴ፣ አሉሙን አሁን አትጨምሪ። መጀመሪያ ፒኤቹን አንብቢልኝ። 5 ነው? እንግዲያው አሉሙ ክሮሙን አያወጣልሽም። እሱ ራሱ ውሃውን አሲድ ስለሚያደርገው ፒኤቹን ጭራሽ ያወርድብሻል። ጀማሪ ሁሉ ውሃው አልጠራ ሲለው እጁ የሚሄደው ወደ አሉም ጆንያው ነው፤ አንቺ ወደ ኖራው ሂጂ።

ከቆዳ ማልፊያው ድራም የሚወጣው ፍሳሽ ፒኤቹ 4 አካባቢ ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ክሮም ነው፤ የተረፈው ሟሙቶ ከውሃው ጋር ይወርድልሻል። የሟሟውን መጀመሪያ ማርጋት አለብሽ። ኖራውን በውሃ በጥብጠሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ፒኤቹ 8 አልፎ ወደ 9 ሲጠጋ ግራጫማ አረንጓዴ ነገር ሲረጋ ታያለሽ። ከ10 በላይ አትውሰጂው፤ ክሮሙ መልሶ መሟሟት ሊጀምር ይችላል። የአሉሙ ተራ ከዚህ በኋላ ነው፤ ሥራውም ተንሳፍፈው የቀሩትን ደቃቅ ቅንጣቶች አያይዞ ማስዘቀጥ ነው። ከጨመርሽ በኋላ ፒኤቹን ደግመሽ ለኪ። ኤሌክትሮዱን ኖራ ይለብሰዋል፤ ካላጸዳሽው ይዋሻል።

የአሉሙን መጠን የትናንቱን መዝገብ አይተሽ አትወስኚ። የሚገባው ቆዳ ሲለያይ ፍሳሹም ይለያያልና በየቢከሩ የተለያየ መጠን ጨምረሽ ሞክሪ። አንድ ደቂቃ ያህል በፍጥነት፣ ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በዝግታ አማስይ፤ ከዚያ 30 ደቂቃ አትንኪው። ዝግታው ላይ አትቸኩይ፣ የተያያዘው ይበጣጠሳል።

ደግሞ ውሃው ጠራ ብለሽ እንዳትዘናጊ። የሟሟ ክሮም ትንሽ ሲሆን በዓይን አይታይም። ናሙናውን አንዱን እንዳለ፣ አንዱን በማጣሪያ አሳልፈሽ አስለኪ። ያልተጣራው ብዙ፣ የተጣራው ጥቂት ክሮም ካሳየ የረጋው ሳይዘቅጥ እያመለጠሽ ነው፤ አሉሙንና ማማሰሉን አስተካክዪ። ሁለቱም ብዙ ካሳዩ ግን ክሮሙ ገና አልረጋም። ፒኤቹን መርምሪ፤ እሱ ልክ ከሆነ ለማልፋት ከሚጨመሩት ውስጥ ክሮሙን አስሮ የያዘው ኦርጋኒክ ጨው ሊኖር ይችላል፤ ድራሙ ጋ ያሉትን ምን እንደጨመሩ ጠይቂ። ይህን ልዩነት ሳታውቂ ኬሚካል ብትጨምሪ የምታበዢው ዝቃጩን ብቻ ነው። ከዚህ ፋብሪካ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ሞጆ ወንዝ ይገባል፣ ሞጆም ቆቃ ሐይቅ ይገባል፤ በመንገዱ ሰው አትክልት ያጠጣበታል።

አንድ ነገር ግን በሕይወትሽ አትቀልጂበት፣ የኔ እናት። የፀጉር ማርገፊያው ፍሳሽ ሰልፋይድ አለበት። ከክሮሙ አሲዳማ ፍሳሽ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል፤ ይገድላል። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛልና ሽታው ጠፋ ብለሽ ጋዙ ሄደ እንዳትዪ። ሁለቱ መስመሮች ተለያይተው ይፍሰሱ፤ ጉድጓድ ውስጥም ማንም ጋዙን ሳይለካ ወይም ብቻውን አይግባ።

ዝቃጩን ለማዳበሪያ ስጪን የሚሉሽ ይመጣሉ፤ እንቢ በያቸው። እናቃጥለው ለሚልሽም እንዲሁ፤ ከኖራ ጋር አየር እያገኘ ሲቃጠል ክሮሙ ካንሰር ወደሚያመጣው ወደ ባለ ስድስት ክሮም ሊለወጥ ይችላል። ማድረቂያው ላይ ዝናብ እንዳይመታው ሸፍኚው፤ መኪናው ሊጭነው ሲመጣም የት እንደሚደፋው ጠይቂና መዝግቢ።