የበጋው ብርድ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ?

የዘርና የመከር፣ የብርድና የሙቀት መፈራረቅ የእግዚአብሔር ቃል ኪዳን መሆኑን ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 እንማራለን። ታዲያ በደጋው አገራችን ከኅዳር እስከ ጥር የሚበረታው ብርድ ወዴት እያመራ ነው?

ውርጭ ባቄላውን በመታ ማግሥት «ብርዱ ባሰ» ሲባል እንሰማለን። የረጅም ዘመን ልኬት ግን ሌላ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጨምሯል፤ ቀዝቃዛ ሌሊቶችም ቀንሰዋል።

ይህ ሲባል ውርጭ ቀርቷል ማለት አይደለም። ሰማዩ በጠራበት፣ አየሩ በደረቀበትና ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። የቀዘቀዘውም አየር ስለሚከብድ ወደ ረባዳው ወርዶ ይተኛል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ሰብል ተርፎ የረባዳው የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ የአየር ንብረት የሚመዘነው በ30 ዓመት አማካይ እንጂ በአንድ ሌሊት ውርጭ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሙቀት ጨምሯል ብለን ጥንቃቄን አንተው፤ ባቄላና አተሩን ከረባዳው ይልቅ በተዳፋቱ እንዝራ፤ ውርጭ የጣለበትንም ቀንና ማሳ በየዓመቱ እንመዝግብ።

የእግዚአብሔር ቸርነት አዝመራችንን ይጠብቅልን።