አረንጓዴ ትውከትና የተጠማዘዘ አንጀት

ጥያቄ፦ በቡሬ ዙሪያ የሦስት ሳምንት ሕፃን አረንጓዴ ሲያስታውክ፣ ቁርጠት ነው ተብሎ ጤና አዳም እየተሰጠው ቢያድር ምን ጉዳት አለው?

መልስ፦ አረንጓዴው ሐሞት ሲሆን፣ በተለይ በመጀመሪያው ወር ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ አንጀት እንደተጠማዘዘ ተቆጥሮ ሕፃኑ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። በማህፀን ሳለ ቦታውን በትክክል ያልያዘ አንጀት ደም በሚያመላልሱት ሥሮች ዙሪያ ሲዞር ደም ይቋረጥበትና በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ አሳሳቹ ነገር ሆዱ መጀመሪያ ላይ ልስልስና ያልተነፋ ሊሆን መቻሉ ነው፤ ደም የቀላቀለ ሰገራ እስኪታይ የሚጠበቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሕፃኑ ጡት እንዳይጠባ ተደርጎ፣ ጨጓራው በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ እየተራገፈ፣ ፈሳሽና ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት በደም ሥሩ እየተሰጠው፣ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ሪፈር ጎን ለጎን መዘጋጀት ይኖርበታል፤ በመንገድም በእናቱ ገላ ላይ ታቅፎ ይሙቅ። የሥሮቹን መጠማዘዝ አልትራሳውንድ፣ የአንጀቱን አቀማመጥ ደግሞ በራጅ ጎልቶ የሚታይ ፈሳሽ ተሰጥቶ የሚነሣ ራጅ ሊያሳዩ ቢችሉም፣ ሁኔታው እየከፋ ያለ ሕፃን ምርመራ እስኪሟላ ሳይጠበቅ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። በቦስተኑ ሐኪም ዊሊያም ላድ ስም በሚጠራው በዚህ ሕክምና አንጀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈታል፣ የሚያንቁት ጅማት መሰል ክሮችም ይቆረጣሉ።