«ፀሐይ የሚከላከል ኪኒን» የሚል ዜና ብንጽፍስ?

እኛ ሰፈር ሲ.ኤም.ሲ ጠዋት ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ብርድ ጃኬት ያስደርባል። እኩለ ቀን ላይ ግን ታክሲ ለመጠበቅ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ደብተሩንም ነጠላውንም አናቱ ላይ ይደፋል። እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጨረሩ ደግሞ ሙቀት ስላልሆነ ብርድ አለ ማለት ጨረር የለም ማለት አይደለም።

ለመሆኑ ተውጦ ቆዳን ከፀሐይ የሚጠብቅ ኪኒን አለ? ወሬው ጨርሶ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 አውስትራሊያ ውስጥ በ386 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ግማሾቹ ኒኮቲናማይድ የተባለውን የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ወራት ወሰዱ፤ የተቀሩት ባዶ ኪኒን ተሰጣቸው። ቫይታሚኑን በወሰዱት ላይ ሜላኖማ ያልሆነ አዲስ የቆዳ ካንሰር በ23 በመቶ ቀነሰ።

ይህን ያየ ጋዜጠኛ «ካንሰር የሚከላከል ኪኒን ተገኘ» ብሎ ቢጽፍ ይፈረድበታል? እኔ ይፈረድበታል ባይ ነኝ። ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ነበረበት።

አንደኛ፣ ጥናቱ በማን ላይ ተሠራ? ተሳታፊዎቹ በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ካንሰር ይዟቸው የነበሩ ናቸው። ጤነኛ ሰው ላይ አልተሞከረም።

ሁለተኛ፣ ኪኒኑ ምን ይሠራል? ጨረር የጎዳውን የሴል ዘረ መል ለመጠገን ያግዛል እንጂ ጨረሩን አይመልስም። መውሰድ ሲቆምም ጥቅሙ አብሮ ቆሟል።

ሦስተኛ፣ ጉዳትስ የለውም? ካሮትን ቀለም የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን ጥሩ ትምህርት ነው። በኪኒን መልክ ቢያንስ ለ10 ሳምንታት ሲወሰድ ከፀሐይ ቃጠሎ ትንሽ ይከላከላል። ነገር ግን በፊንላንድ 29,133 አጫሾች የተሳተፉበትና በ1994 ውጤቱ የወጣ ጥናት፣ ኪኒኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ አግኝቷል። ካሮቱን መብላት ግን ማንንም አያሰጋም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2018 የፀሐይ መከላከያ ቅባትን የሚተካ ምንም ኪኒን የለም ሲል አስጠንቅቋል።

በአገራችን ነገሩን የሚያከብደው አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን መኖራቸው ነው። ቆዳን የሚጋርደው ሜላኒን የላቸውም ወይም በጣም አነስተኛ ነው። ለእነሱ ቅባቱ መዋቢያ ሳይሆን ሕይወት ነው፤ ጥናቱም እነሱን ለይቶ ያየ አይደለም። እጇ ላይ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያላት እናት የእኛን ርዕስ አንብባ ቅባቱን ትታ ኪኒን ብትገዛ፣ ልጇ ሜዳ ላይ ያለ ምንም መከላከያ ይውላል ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ብጽፈው ርዕሴ «ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ረጅም እጅጌና ቅባት ይቅደሙ፤ ኪኒኑን ሐኪም ይወስን» የሚል ይሆናል። ርዕሱ እንደ ሌላው አይስብም ትሉ ይሆናል፤ ቢሆንም ማንንም ፀሐይ ላይ አያስጥልም።