የንግድ መዝገብ በጋራ ማከማቻ ሲቀመጥ ስለሚያስፈልገው የፕሮቶኮል ምርጫ

ነጋዴ መጋዘን ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ በሩ ነው። ዕቃው በየት ይገባል፣ ቁልፉስ በማን እጅ ይሆናል የሚለውን ሳይወስን እህሉንም ሆነ ማሩን አያስገባም። የዛሬው ትምህርታችን ለንግድ መዝገብ ስለሚሆነው በር ነው።

በሰቆጣ ከተማ ማርና የአበርገሌ ፍየል እየሰበሰበ ወደ ወልድያና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። በሱቁ ሁለት፣ በዚያው ግቢ ባለው መጋዘኑ አንድ ኮምፒዩተር አለው። የግዥ ደረሰኙ፣ የዱቤ ዝርዝሩና የግብር ሰነዱ በሦስቱ ላይ ተበታትኖ ስላስቸገረው የጋራ ማከማቻ መሣሪያ ገዛ። ይህም ዲስኮችን የያዘ ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ ከሱቁ መረብ ጋር ተያይዞ ለሁሉም ኮምፒዩተሮች አንድ መዝገብ ቤት ይሆናል። ነጋዴው መሣሪያውን ለሥራ ሲያዘጋጅ ግን ፕሮቶኮል ምረጥ ይባላል። ፕሮቶኮል ማለት ኮምፒዩተርና ማከማቻ ፋይል ሲቀባበሉ የሚከተሉት የመነጋገሪያ ሥርዓት ነው። ዋና ዋናዎቹም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ኤስ ኤም ቢ፦ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች የሚነጋገሩበት ነው፤ ማክና ሊኑክስም ይቀበሉታል። የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ አንድ ጸሐፊ የከፈተውን ፋይል ሌላው በላዩ ላይ እንዳይጽፍበት ለመቆለፍም ያስችላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ዕትም አደገኛ ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በዚሁ ዕትም ጉድለት ገብቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይሎችን እየቆለፈ የማስለቀቂያ ገንዘብ ጠይቋል። ስለዚህ 1ኛው ዕትም ይዘጋ፤ 3ኛው ይመረጥ።

2ኛ/ ኤን ኤፍ ኤስ፦ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ያወጣው ሲሆን፣ ለሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ይስማማል። በተለመደው አሠራሩ የሚያምነው የኮምፒዩተሩን አድራሻ እንጂ የሰውየውን የይለፍ ቃል ስላልሆነ፣ ብዙ ሰው ለሚገባበት ሱቅ አይመከርም።

3ኛ/ ኤ ኤፍ ፒ፦ የአፕል የቀድሞ ሥርዓት ነው። አፕል ራሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ኤስ ኤም ቢን ዋና መገናኛው ስላደረገ፣ ለአዲስ ሥራ አያስፈልግም።

4ኛ/ ኤፍ ቲ ፒ፦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የተጀመረ አሮጌ ሥርዓት ነው። የይለፍ ቃሉ ሳይሸፈን ስለሚያልፍ በመካከል የሚያደምጥ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ኤስ ኤፍ ቲ ፒ ግን ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነው፤ የሚያስተላልፈውን ሁሉ በምስጢር ይሸፍናል።

እንግዲህ ኮምፒዩተሮቹ ዊንዶውስ ለሆኑለት ነጋዴ ምርጫው ግልጽ ነው። በግቢው ውስጥ አዲሱ ኤስ ኤም ቢ ይበቃዋል፤ የቀሩት በሮች ይዘጉ። ኤስ ኤም ቢም ቢሆን ለኢንተርኔት ፈጽሞ አይከፈት። ፒችትሪን በመሰለ የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ነጋዴ ደግሞ፣ ፕሮግራሙ መዝገቡን በእንዲህ ያለ ማከማቻ ላይ ለማኖር መቻሉን ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ አደራ እንላለን። በጋራ ማከማቻ የተቀመጠ መዝገብ ሁሉ መጠባበቂያ አለው ማለት አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ሕምራ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ቤት ንብረቱን ጥሎ ተሰዷል። በእንዲህ ያለ ቀን በአንድ ሣጥን ብቻ ያለ መዝገብ ከሣጥኑ ጋር ይጠፋል፤ ባለዕዳውም ባለገንዘቡም ማስረጃ ያጣሉ። ስለዚህ መስመር በተገኘ ቁጥር ሁለተኛው ቅጂ በኤስ ኤፍ ቲ ፒ በሌላ ከተማ ወዳለ ታማኝ ወኪል ይላክ። መስመር ከሌለም በሚነቀል ዲስክ ተገልብጦ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ፋይል እንዳይበላሽም መሣሪያው ከባትሪ መጠባበቂያ ጋር ይያያዝ።

መሣሪያውን የሚተክለውን ባለሙያ፣ የትኞቹን በሮች ከፈትህ፣ የትኞቹን ዘጋህ፣ ሁለተኛው ቅጂስ የት ነው ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።